ዛቢያው የራሱ፣ ብረቱ የመንግሥት

ቢዮ አዋሌ በድሬዳዋ አስተዳደር ካሉት የገጠር ቀበሌዎች አንዷ ናት። ታች ከተማው ለመናፈሻና ለመንገድ ዳር ዛፍ፣ ገጠሩ ለእርከንና ለችግኝ የሚይዙት መሣሪያ ያው አንድ ነው፤ አካፋ፣ ዶማ፣ ድጅኖ፣ መቀስ፣ የእጅ ጋሪ፣ የውሃ ጎማ፣ ሲገኝም ፓምፕ። በየዓመቱ ይገዛል፣ በየዓመቱ ይጎድላል። ከዚህ በታች የሚነጋገሩትን ሁለት ሰዎች የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ ጉዳያቸውን ግን መጋዘን የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ሀጂ የችግኝ ጣቢያ ንብረት ክፍል ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ባለሙያዋ ከደብረ ብርሃን መጥታ እዚሁ የተመደበች ወጣት ናት። ጊዜው ከምሳ በኋላ ነው፤ ሀጂ ባርጫቸውን ይዘዋል፣ እሷ ሻይ ይዛለች።

ባለሙያዋ፦ ሀጂ፣ እንዴት ዋሉ?

ሀጂ፦ አልሐምዱሊላህ። አቦ ቁጭ በይ እንጂ! እዚህ ድሬ ነው፤ «አንተ» ብትይኝ ማንም አይቆጣሽም።

ባለሙያዋ፦ እናቴ የሰማች ቀን አለቀልኝ። የመጣሁት ስለ መጋዘኑ ላማክርዎት ነው። ቆጠራ አድርገን፣ መዝገቡ ላይ ካለው አካፋና ዶማ ግማሹን እንኳ አላገኘንም። በሩ አልተሰበረም፣ ቆርቆሮው አልተገነጠለም፣ ቁልፉም እንዳለ ነው። ኮሚቴው ትልቅ ጓጉንቸር ይገዛ፣ መስኮቱም በብረት ይበየድ ብሎ ወስኗል።

ሀጂ፦ የቆጠራችሁት መቼ ነው?

ባለሙያዋ፦ ጥር ላይ፣ ሥራ ልንጀምር ስንል።

ሀጂ፦ ከዚያ በፊትስ?

ባለሙያዋ፦ ሰኔ ላይ ይቆጠራል ተብሎ ነበር።

ሀጂ፦ ተብሎ ነበር! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እይ፣ ለድሃው ሥራ ሰጥቶ የሚከፍለው ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ የማኅበረሰብ ሥራው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። ከዚያ ገበሬው ወደ ማሽላው ይገባል። መሣሪያው ግማሽ ዓመት ይሠራል፣ ግማሽ ዓመት ይተኛል። ኮሚቴሽ በተኛበት ተሰረቀ ብሎ ያስባል። እኔ በዘመኔ ያየሁት ሌላ ነው፤ የሚጠፋው ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ሥራው በሚዘጋበት ሰሞን ነው። ያኔ መላሹም አይቸኩልም፣ ተቀባዩም ዝናብ ሳይጥል ቤቱ ሊገባ ይጣደፋል። ሰውየው አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይሄዳል። ልስረቅ ብሎ አይደለም፤ «ነገ እመልሳለሁ» ብሎ ነው። ነገ ማሳው ውስጥ ውሃ ያቁርና ቦይ ይቆፍርበታል። ከነገ ወዲያ ጎረቤቱ ይዋሰዋል። ጥቅምት ሲደርስ አካፋው ቤተሰብ ሆኗል።

ባለሙያዋ፦ እና ይሄ ስርቆት ነው ወይስ ውሰት?

ሀጂ፦ የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ ሕጉ ምን ይላል?

ባለሙያዋ፦ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 አለ። የማይገባ ብልጽግና ለማግኘት አስቦ የሌላውን ተንቀሳቃሽ ንብረት የወሰደ፣ እንደ ነገሩ ሁኔታ በቀላል እስራት ወይም ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ይቀጣል።

ሀጂ፦ በአንድ አካፋ ማን በልጽጎ ያውቃል! ይሄን ሰውዬ ፖሊስ ጣቢያ ብትወስጂው ከአንቺ ይልቅ እሱ ነው የሚደነግጠው። ሌባ ፍለጋ ትወጫለሽ፣ የምታገኚው ጎረቤትሽን ነው። ለእሱ ጓጉንቸር ምን ያደርጋል? ዕቃውን በመስኮት አላወጣውም። በበር ነው የወጣው፣ በወጪ ወረቀቱ በሞዴል 22 ተፈርሞ።

ባለሙያዋ፦ በስሙ ቢፈረም ጥሩ ነበር። ሞዴል 19 ላይ የገባው ሁሉ በትክክል ተጽፏል። ሞዴል 22 ላይ ግን የፈረመው የቡድን መሪው ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያሉት ማን ምን እንደያዘ አይታወቅም። አካፋ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ አላቂ ዕቃ ስለሚታይ አንዴ ወጪ ከተደረገ እንደ እስክሪብቶ ተረስቶ ይቀራል። ተመላሽ የሚል ዓምድ ያለው ወረቀት የለንም።

ሀጂ፦ እኔን ሲቀጥሩኝ ተያዥ አምጣ አሉኝ። አጎቴ ተያዘልኝ። የጎደለ ሁሉ ከደመወዝህ፣ ካልበቃም ከአጎትህ አሉኝ። አጎቴ ደግሞ ሁለት ላም ነው ያለው። እንግዲህ በየማታው የሚታየኝ ሌባ አልነበረም፤ የአጎቴ ላሞች ናቸው። መጀመሪያ ያደረግሁት ምን መሰለሽ? ከገበያ የመጣውን ዶማ ሁሉ እጀታውን አወለቅሁ።

ባለሙያዋ፦ ለምን?

ሀጂ፦ ዛቢያውን እያንዳንዱ ከቤቱ ያምጣ አልኩ። ብረቱ የመንግሥት፣ ዛቢያው የራሱ። የፋብሪካው እጀታ ለማንም አይሆንም፤ ለረጅሙ ያጥራል፣ ለሴቷ ይወፍራል። የዶማ ዛቢያ እንደ ጫማ ነው፣ ሁሉም በልኩ ነው የሚጠርበው። ጠዋት ይመጣል፣ ብረቱን ከእኔ ይቀበላል፣ ዛቢያውን ይሰካል፣ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። የእኛ ፀሐይ እንጨቱን ስለሚያደርቀው ካልተነከረ አያጠብቅም፤ ሰውየው ወደ ላይ ሲያነሳው ብረቱ ተመዞ የጓደኛውን ግንባር ያገኛል። ማታ ደግሞ ዛቢያውን ትቶ አይሄድም፤ የራሱ ነዋ! ስለዚህ ብረቱን ማውለቅ አለበት። የሚያወልቀው የት ነው? እኔ በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ፣ አናቱን ደቅ ደቅ አድርጎ። ውስጥ ቁጭ ብዬ ደቅታውን እቆጥር ነበር። ሲጎድል ወጥቼ እጠራለሁ። ስድብም አለበት፣ ሳቅም አለበት፤ ግን ብረቱ ያድራል።

ባለሙያዋ፦ ለአካፋ ግን አይሆንም። አንገቱ ላይ በሚስማር የተመታ ነው።

ሀጂ፦ አይሆንም፣ ልክ ነሽ። አካፋ አስቸግሮኛል። መጀመሪያ ቀይ ቀለም ቀባነው። ቀለሙን ሌባ ሳይሆን አሸዋው ራሱ ይፍቀዋል፤ ሁለት ሳምንት አይቆይም። በኋላ ብየዳ ቤት ወስጄ አንገቱ ላይ፣ እጅም አፈርም የማይነካው ቦታ፣ የብየዳ ነጠብጣብ አስጣልኩበት። ቁጥሩ የአካፋው አልነበረም፤ የቤቱ ነበር። የእከሌ ቤት ሦስት ነጠብጣብ፣ የእከሊት ቤት አራት። አካፋው ቢሰበርና ሌላ ቢመጣ አዲሱም ያንኑ ነጠብጣብ ይይዛል። እንግዲህ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ሆኖ የሌላውን አካፋ አንገት ያያል። «ይሄ የእኛ ነው፣ አምጣ!» ሲባል እሰማ ነበር። የመንግሥቱን አካፋ «የእኛ» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ ስልሽ!

(እዚህ ላይ ሀጂ ትንሽ ያሳመሩት ይመስለኛል። «የእኛ» የተባለ የመንግሥት አካፋ ከመጋዘኑ ይልቅ እዚያ «የእኛ» ያለው ሰው ቤት ማደር ይቀናዋል። ሆኖም የጠፋ ዕቃ ሲፈለግ የት እንደሚገኝ ማወቅ ራሱ ግማሽ ማግኘት ነው።)

ባለሙያዋ፦ ይሄ ሁሉ እኮ ጥሩ ነው፣ ግን ሁሉም ለሚተዋወቅበት ቦታ ነው። ታች ከተማ ያሉት የአረንጓዴ ልማት ማኅበራት ምን ያድርጉ? የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ መንገድ ዳር አበባና ሳር በዝቷል፣ ሣር ማጨጃ ማሽንና ጎማም አብሮ በዝቷል። እዚያ የሚወስደው ሰውዬ ዕቃው የማን እንደሆነ አያውቅም፣ ቢያውቅም ግድ የለውም። በባጃጅ መጥቶ ጭኖ ይሄዳል።

ሀጂ፦ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። የመናፈሻ ባለቤት ማን ነው? ሁሉም፤ እንግዲያው ማንም።

ባለሙያዋ፦ ባለቤት ሲኖረውም ይወሰዳል። አንድ የማውቃት ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ተደራጅታ ሣር ማጨጃ ገዙ፣ በብድር። ምሳ ሊበሉ ዛፍ ሥር ሸፍነው አስቀምጠውት ሄዱ። ሲመለሱ ሸራው አለ፣ ማሽኑ የለም። ብድሩ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ሀጂ፦ ያ ሌላ ሌባ ነው። ያ የራሴን ልሥራበት ብሎ የወሰደ አይደለም፤ የሚሸጥበትን አስቀድሞ ያውቃል። የሞተር ዕቃ ሁሉ እንዲያ ነው። እዚህ አትክልትና ጫት የሚያጠጣው ገበሬ ፓምፑን ማሳ ላይ ሲያሳድር አይተሽ ታውቂያለሽ?

ባለሙያዋ፦ አላየሁም። በአህያ ጭነው ይመልሱታል።

ሀጂ፦ ካልሆነ በትከሻ። ቤት አስገብቶ ከአልጋው ጎን ያስተኛዋል፤ ቤንዚኑ እየሸተተው ያድራል። ሚስቱ ብታጉረመርም አይሰማትም። የማይችል፣ ቤቱ የራቀ፣ ካንዴላውን ፈቶ ኪሱ ይከታል። ካንዴላ የሌለው ሞተር አይነሳም።

ባለሙያዋ፦ ካንዴላ ግን በየሱቁ ይሸጣል። ሌባው ማሽኑን አስነስቶ አይደለም የሚወስደው፤ ተሸክሞት ነው።

ሀጂ፦ እውነትሽን ነው። ካንዴላው የሚጠቅመው ለሌባ ሳይሆን ለተዋሽ ነው፤ ሳያስፈቅድ አስነስቶ ለሚያጠጣው። ለሌባው ሰንሰለትና ግንድ ነው ያለው። ግንዱ ግን ሕይወት ያለው ዛፍ ይሁን፤ የተተከለ እንጨት ይነቀላል።

ባለሙያዋ፦ እኔ ለልጆቹ የመከርኳቸው ሌላ ነው። የሞተሩን ቁጥር ጻፉ፣ ከደረሰኙ ጋር ፎቶ አንሱት፣ አራታችሁም ስልካችሁ ላይ ይኑር። ዕቃው የእኔ ነው ማለት ቀላል ነው፤ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ በምን ትለየዋለህ ሲባል ነው ችግሩ። ሁሉም ማሽን ብርቱካንማ ነው፣ ሁሉም ከቻይና ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ይሄን የሚመለከት ሕግ አውጥታለች፤ በእርሻ ላይ የሚነዱት ባለ አራት ጎማ ሞተሮች ሲሸጡ ያለ ባለቤቱ እንዳይነሱ የሚያግድ መሣሪያና የማይፋቅ መለያ እንዲኖራቸው የሚያስገድድ፣ ወደ ሌላ ዕቃም እንዲሰፋ በር የከፈተ።

ሀጂ፦ እንግሊዝም በነጠብጣብ ነው ያለው በይኛ!

ባለሙያዋ፦ በነጠብጣብ ነው። ልዩነቱ የእነሱን ነጠብጣብ ሻጩ ነው የሚያደርገው፣ እኛ ጋ ግን መጋዘን ጠባቂው።

ሀጂ፦ ከሻጭ ካነሳሽ አይቀር ገዢውን እንምጣበት። ሌባ ያለ ገዢ ሌባ አይሆንም። የመብራት ኃይልን ምሰሶ አላየሽም? ያን የሚያህል የብረት ማማ ብሎን በብሎን እየፈቱ አጋደሙት። ለጌጥ ነው? በኪሎ የሚገዛ ስላለ ነው። የመናፈሻው ቧንቧ ጫፍ የነሐሱ ለምን ይጠፋል? ውሃ ሊጠጣበት አይደለም። ጎርፍ መከላከያው ላይ የተዘረጋው የጋቢዮን ሽቦ ተቆርጦ አጥር ሲሆን አይቻለሁ። ድንጋዩ ተንዶ፣ ሽቦው ፍየል ጠብቆ!

ባለሙያዋ፦ ገዢውንም ሕጉ አልረሳውም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 በወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ የገዛውን፣ የደበቀውን፣ ያሻሻጠውን ይቀጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ባለቤቱ የተሰረቀበትን ዕቃ ሳያውቅ በቅን ልቦና ከገዛውም ሰው እንዲያስመልስ ይፈቅድለታል። ግን አንድ ነገር አለው፤ ገዢው ከአደባባይ ገበያ ወይም ያን ዓይነት ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ገዝቶት ከሆነ የከፈለው ይመለስለታል።

ሀጂ፦ የገዛ አካፋዬን ልግዛው ማለት ነው?

ባለሙያዋ፦ እንደዚያ ሊሆን ይችላል።

ሀጂ፦ ሱብሃነላህ። ታዲያ ከገበያ በፊት መያዝ ነው እንጂ! ከገበያ በፊት ያለችው ደግሞ አንዲት በር ናት፤ የብረት ቀጥቃጩ በር። ድሬ በ1895 ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ናት፤ የሐዲድ ብሎንና የመኪና ባሌስትራ ወደ ዶማ የሚለውጥ እጅ እዚህ ሞልቷል። የተሰረቀ ዶማ እሳት ውስጥ ሲገባ ምልክቱም አብሮ ይጠፋል፤ ሲወጣ መጥረቢያ ሆኖ ነው። ስለዚህ ሽማግሎቹን ሰብስቤ ከቀጥቃጮቹ ጋር አነጋገርኳቸው፤ ነጠብጣብ ያለውን ብረት እሳት እንዳታስገቡ፣ ያመጣውንም ንገሩን ተባሉ። አንደኛው ምን አለኝ መሰለሽ? «ስነግርህ ደንበኛዬን አጣለሁ፤ የእናንተን ዶማ ስትጠግኑ ለምን ከተማ ትወስዳላችሁ?» አለኝ። እውነቱን ነው! ከዚያ ወዲህ የጣቢያው ጥገና ሁሉ እነሱ ጋ ሆነ። ደንበኛ ሰጠናቸው፣ እነሱም ዓይን ሰጡን።

ባለሙያዋ፦ ጥቆማ ሲሉኝ አያቴ የሚያወሩት ትዝ አለኝ። በእኛ አገር አፈርሳታ ይባል ነበር፣ አውጫጭኝም ይሉታል። የሆነ ነገር ሲሰረቅ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። የቀረ ይቀጣል። ሰዎች በምስጢር የሚያውቁትን ይናገራሉ፤ ተናጋሪው «ወፍ» ነው የሚባለው፣ ስሙ አይጠራም። ሌባው ከጠፋ አገሩ ተዋጥቶ ይከፍላል።

ሀጂ፦ ሌባሻይስ ነበር አይደል? ልጁን መድኃኒት አጠጥተው የሚለቁት።

ባለሙያዋ፦ ነበር። ልጁ ሰክሮ እየተንገዳገደ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። እሱስ ቀርቷል፤ ቀረልን እንጂ! ስንት ንጹሕ ሰው ከፍሎ ይሆናል።

ሀጂ፦ አፈርሳታው ግን ጥበብ አለው። ዛሬም ሰው የሚያውቀውን ያውቃል። ማን ቤት አዲስ አካፋ እንዳለ ልጅ ሳይቀር ይነግርሻል።

ባለሙያዋ፦ እኔ አልወደውም። ያላየው ሰው ሁሉ ያለ ጥፋቱ ቀኑን ያጣል፣ ባይገኝም ይከፍላል። የሴፍቲኔት ሰው የቀን ሥራው ምግቡ ነው። ሲጀመር የቀኑ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር፤ ከዚያች ላይ ለጠፋ አካፋ ይቆረጥ ቢባል ማን ይችላል? ደግሞም «ወፍ» የቂም መወጫ ይሆናል።

ሀጂ፦ ይሄን ትቼልሻለሁ። ክፍያውን ተይው፣ ስብሰባውን ያዢው። ሰኔ ላይ፣ የመጨረሻው ክፍያ ከመከፈሉ በፊት፣ ሁሉም ብረቱን ይዞ ሜዳ ላይ ይምጣ። መጋዘን ውስጥ አይደለም የሚቆጠረው፣ ሜዳ ላይ ነው፣ ሰው እያየ። ማንም ሌባ አይባልም፤ ያላመጣ ሄዶ ያመጣል። ጥር ላይ የምትቆጥሪውን ሰኔ ላይ ቁጠሪው፣ ሌላ ምንም አልጨመርሽም።

ባለሙያዋ፦ እሺ፣ ይሄ ይሆናል። ግን የሌሊቱስ? መጋዘኑ ከመንገድ ዳር ነው፣ ጠባቂው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ይተኛል።

ሀጂ፦ ማን ነው ሌሊት ነው የሚሰረቀው ያለሽ? ቢዮ አዋሌ ሌሊት ትተኛለች እንዴ? ጫቱን የሚጠብቀው ሰው በየማማው ላይ ነው፤ ባትሪውን ያበራል፣ ይጣራል፣ ያስላል። ከዚያ ገና ሳይነጋ ጫት ቆራጮቹ ይነሳሉ፤ ለገበያ መድረስ አለበታ። ሌሊት አካፋ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው እዚህ አገር ስንት ሰው «ማነው?» እንደሚለው ታውቂያለሽ? ሙት የሆነው ሰዓት ይሄ አሁን የተቀመጥንበት ነው። ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት። ፀሐዩ አናት ላይ ነው፣ ሰዉ ባርጫ ላይ ነው፣ ዘበኛውም ባርጫ ላይ ነው፤ እኔም እንዳየሽኝ ነኝ። መንገዱን እይው እስቲ።

ባለሙያዋ፦ ፍየል ብቻ ነው ያለው።

ሀጂ፦ በእኔ ዘመን የጠፋው ትልልቁ ዕቃ፣ ጋሪውም ጎማውም፣ በዚህ ሰዓት ነው የጠፋው። ያም የከተማዋ ልጅ ማሽኗ ምሳ ሰዓት ነው የጠፋው አላልሽኝም? ሰው ሌሊትን ይፈራና ለሌሊት ዘበኛ ይቀጥራል፤ ቀን ግን በሩ ገርበብ ብሎ ይውላል።

ባለሙያዋ፦ እንዲህ ከሆነ ኮሚቴው ለጓጉንቸርና ለብየዳ የያዘው ገንዘብ ያለ ቦታው ነው የሚወጣው።

ሀጂ፦ ጓጉንቸሩ ይግባ፣ አልጠላውም። ግን መጋዘኑን እዚያ መንገድ ዳር ማን ነው የሠራው?

ባለሙያዋ፦ መኪና እንዲደርስበት ተብሎ ነው።

ሀጂ፦ መኪናው በዓመት ሁለቴ ይመጣል፤ ሌባው ግን በየቀኑ ያልፋል። ወደ ጫቱ ማሳ ብታስጠጉት ኖሮ የሌሊቱ ዘበኛ በነፃ ነበር። አሁንማ ሕንጻ አይጎተትም።

ባለሙያዋ፦ ኮንቴይነር ግን ይጎተታል። ሴፍቲኔቱ ለችግኝ ጣቢያው አንድ አሮጌ ኮንቴይነር ይሰጣል ተብሏል።

ሀጂ፦ በሉ እዚያ፣ ከማሳዎቹ መሀል አስቀምጡት። ማማው ላይ ያለው ልጅ ጫቱንም ኮንቴይነሩንም ያያል። ለእነዚያ ለቀኑ ሦስት ሰዓታት ደግሞ የማይቅም ሰው ፈልጉ። ሴት ብትሆን ይሻላል፤ ችግኝ ውሃ የምታጠጣው እዚያው ናት፣ ቁልፉን እሷ ትያዝ።

ባለሙያዋ፦ ሀጂ፣ ይሄን ያህል ለአካፋ ይደከማል ወይ የሚሉኝ አሉ። አዲስ ግዢ ይቀላል ይላሉ።

ሀጂ፦ እነሱ ሐምሌ 29 ቀን 1998 ሌሊት የት ነበሩ? ከላይ ተራራው ላይ የዘነበው ውሃ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ወርዶ፣ ለ30 አጥቢያ ከተማው ላይ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ደቻቱን አሁን ሄደሽ ብታዪው ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከዚያ በኋላ ነው እርከኑም ጉድጓዱም በደንብ የተያዘው። ጥር ላይ አካፋ የለም ተብሎ ሥራው ሳምንት ሳምንት ሲዘገይ፣ ግዢው እስኪፈቀድ መጋቢት ሲገባ፣ የበልጉ ዝናብ እርከን ያልተሠራበት ገደል ላይ ይወርዳል። በ2011 አረንጓዴ አሻራ ሲጀመር ብዙ ችግኝ በአንድ ቀን ይተከል ተባለ፤ የሚተከለው ግን አስቀድሞ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ጉድጓድ በጥፍር አይቆፈርም። ግዢ ይቀላል የሚሉት ግዢ ሲፈጽሙ አይተሻቸው ታውቂያለሽ?

ባለሙያዋ፦ ሦስት ዋጋ ማቅረቢያ፣ ኮሚቴ፣ ፊርማ፣ ከዚያ ዓመቱ ይዘጋል።

ሀጂ፦ እኮ።

ባለሙያዋ፦ እንግዲህ ለኮሚቴው የማቀርበውን ልድገምልዎት፦ ዛቢያ ከቤት፣ ነጠብጣብ በቤት፣ ቆጠራ ሰኔ ላይ ሜዳ ላይ፣ ጥገናው ለአገሩ ቀጥቃጭ፣ ኮንቴይነሩ ጫት ማሳው ዘንድ፣ የቀኑ ቁልፍ ለውሃ አጠጪዋ። ለማማው ልጅስ ምን ይከፈለው? በነፃ አላስጠብቀውም።

ሀጂ፦ የሚገባው ነው። ለጓጉንቸሩ ካሰባችሁት ትንሽ ቀንሳችሁ በየወሩ ስጡት።

ባለሙያዋ፦ በምን ደረሰኝ? ኦዲተሩ ሲመጣ «ለጫት ጠባቂ የተከፈለ» የሚል ወረቀት ላሳየው?

ሀጂ፦ ጫቱን ማን ጥሪ አለሽ? «ለማታ ዘበኛ» በይው።

ባለሙያዋ፦ የማታ ዘበኛ መደብ አለን፤ ተይዟል።

ሀጂ፦ ያ የሚተኛው?

ባለሙያዋ፦ እሱ።

ሀጂ፦ አቦ፣ እሱን ወደ ቀን አዙሩትና ባርጫውን ያስተው፤ መደቡን ለማማው ልጅ ስጡት።

ባለሙያዋ፦ ዘበኛው የኮሚቴው ሰብሳቢ ወንድም ነው፣ ሀጂ።

ሀጂ፦ እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ ከሰብሳቢው ጋር ነው ሽምግልና የምቀመጠው። ነገ ከዙሁር በኋላ ይምጣና አነጋግረዋለሁ፤ አንቺ ግን አትምጪ፣ በአንቺ ፊት እሺ ሊለኝ አይችልም።